የላኪ ቁራኛ

በመከላከያ ሚኒስቴር አራተኛ ፎቅ፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ አጭር እጅጌ የሚለብስ ባለሥልጣን የለም። የተራቆተ አንጓ አምባር ይጠራል ይላሉ። ስለዚህ በሙቀትም ቢሆን እጅጌያቸውን እስከ መዳፋቸው ስበው ይቀመጣሉ።

ሻለቃ ውዲቱ ይህን ታውቃለች። አምባሩን ከጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ ቆመች። ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አወረዱ።

"ጥቁር ገደል ያሉት ወታደሮች ውኃ ጨርሰዋል" አለች። "አውሮፕላኑ ዝግጁ ነው። የጎደለው አምባሩን የሚያጠልቅ አንድ እጅ ነው።"

"ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው" አለ የሎጂስቲክስ ኃላፊው።

"ምኑ ነው የሚጠናው? ተከበዋል።"

"የእኔ ክፍል ጭነት ነው የሚልከው። ሰው ማውጣት የዘመቻ ክፍል ሥራ ነው።"

"ዘመቻ ማለት ማጥቃት ነው" አለ የዘመቻ ኃላፊው ቀና ሳይል። "ይሄ ማጓጓዝ ነው።"

"የማንም አይደሉማ!"

"ሻለቃ፣ አፍሽን ሰብስቢ" አለ የሎጂስቲክስ ኃላፊው።

ውዲቱ አፏን ሰበሰበች። እነዚያን ወታደሮች ክረምት ሲገባ ወደ ገደሉ ያደረሰቻቸው እሷ ናት። ስታወርዳቸው አዛዣቸው ሻምበል አያልነህ "ማን ይመልሰናል?" ብሎ ጠይቋት ነበር። "ያመጣኋችሁ እኔ፣ የምወስዳችሁም እኔ" ብላለች። ሌላ ማንም ቃል አልሰጣቸውም።

ሦስት አምባ ትንሽ አገር ናት። መንገዷን ጦርነት በልቶታል። ከአምባ ወደ አምባ ከባድ ነገር የሚያሻግረው የጭነት አውሮፕላን ብቻ ነው። ቀድሞ ሦስት ነበሩ። አንዱ ወደቀ፣ አንዱ ለመለዋወጫ ተፈታ። የቀረችውን ሆዷ ሰፊ ስለሆነ ወታደሩ ገንቦ ይላታል።

አንደኛው አውሮፕላን በወደቀ ጊዜ የላከው ጄኔራል ምሳ ላይ ነበር። የሟቾቹ እናቶች ሬሳ አንቀብርም ብለው ሚኒስቴሩ በር ላይ ተቀመጡ። "ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። ላኪም ከተላኪ ጋር ይቋጠር" አሉ። መንግሥት ፈርቶ ሕግ አወጣ። መሐንዲሶች ጥንድ አምባር ሠሩ፤ ስሙንም ከጥንቱ ልማድ ወስደው ቁራኛ አሉት። በረራውን የፈቀደ አንዱን ያጠልቃል፣ አብራሪው ሌላውን። ብርዱ፣ ሕመሙ፣ ፍርሃቱ ከአብራሪው ወደ ላኪው ያልፋል። ወደ አብራሪው የሚመለሰው የላኪው የልብ ምት ብቻ ነው፤ ግንኙነቱ እንዳልተቋረጠ ምልክት እንዲሆን። ከሁለት አንዱ ካወለቀ አውሮፕላኑ ከአብራሪው እጅ ይወጣና በራሱ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ከሕጉ ወዲህ የወደቀ የለም። የተነሳውም ጥቂት ነው።

በሩ ተከፈተና ምክትል ሚኒስትሩ አቶ ዘውገ ገቡ። አጭር እጅጌ ለብሰዋል። ደረታቸው ላይ የጀግና ሜዳይ አለ። በአገሩ ቁራኛ የሚያጠልቁ ባለሥልጣን እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋዜጣው ስለ ልባቸው ጥንካሬ ብዙ ጽፏል።

"አሁንም ትጨቃጨቃላችሁ?" አሉና አምባሩን አነሱ። "ጠዋት ትነሺያለሽ፣ ሻለቃ።"

"ክቡር ምክትል ሚኒስትር፣ ከገደሉ በላይ መድፍ ተጠምዷል። ብመታ ይሰማዎታል።"

"አንቺን ያመመሽ እኔን አያመኝም" አሉና ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ።

ውዲቱ አልሳቀችም። በእሳቸው ቁራኛ በበረረች ቁጥር ድካም ይጫናታል። እስካሁን በዕድሜ ስታመካኝ ቆይታለች።

ጠዋት ገንቦ መንደርደር ሳያስፈልጋት ከአስፋልቱ ቀጥ ብላ ተነሳች። አብራሪዋ ውዲቱ ናት፤ ከኋላ የጭነት ኃላፊው ሃምሳ አለቃ ጉግሳ አለ። ሌላ ሰው የለም። ቦታው ሁሉ ለሚመለሱት ነው።

"ባዶዋን ስትሄድ ደግሞ እንደ ሴት አማት ታጉረመርማለች" አለ ጉግሳ።

"ዝም በልና ማሰሪያውን እይ።"

ደመናው ውስጥ ሲገቡ ነፋሱ መታቸው። ገንቦ ዘጭ ብላ ወረደችና ተመልሳ ተያዘች። ውዲቱ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። አንጓዋ ላይ ያለው የዘውገ ልብ ግን እንደ ቅድሙ ነው። አንድ ይመታል፣ ያርፋል፣ አንድ ይመታል።

"ጉግሳ፣ እንዲህ ስንወረወር ልቡ የማይናወጥ ሰው ምን ዓይነት ነው?"

"ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ ተኝቷል።"

"ጻድቁን ተወው" አለች።

ወዲያው የዓይኗ ቆብ ከበዳት። ተራራው ሁለት ሆኖ ታያት። ሞተሩ የሚሰማት ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው ቤት ሆነ። የገንቦ አፍንጫ ወደ ቋጥኙ ሲያዘነብል ታያለች፤ እጇ ግን አልታዘዛትም።

ጉግሳ ከኋላ ዘሎ መሪውን ያዘ። በሌላ እጁ ጉንጯን በጥፊ መታት።

"ሻለቃ! ቋጥኙ! ምን ሆኑ?"

ነቃች። ገንቦን ቀና አደረገችና ሬዲዮውን ከፈተች።

"አቶ ዘውገን አገናኙኝ።"

"ክቡርነታቸው ሥራ ላይ ናቸው" አለ ከሚኒስቴሩ አንድ ድምፅ።

"ሥራቸው መተኛት ነው?"

ወዲያው ሌላ ድምፅ መጣ፤ ሐኪም ነኝ አለ። "ማደንዘዣ ወስደዋል። እስክትመለሱ አይነቁም። ሁልጊዜም እንዲህ ነው።"

"ሁልጊዜም?"

"ሕጉ ይታሰር ይላል እንጂ ይንቃ አይልም። የሕግ ክፍሉ መርምሮ አጽድቆታል።"

"እንቅልፉ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ተራራ ልንገጭ ነበር!"

"ሊሆን አይችልም። አምባሩ የሚያሳልፈው ወደ አንድ ወገን ነው።"

"ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፣ ዶክተር። ቀስቅሰው!"

"ያለ ጽሑፍ ትዕዛዝ አልነካቸውም። ለጤናቸው ኃላፊ ነኝ።"

"ለእኛስ ማነው ኃላፊ?"

"እሳቸው ናቸዋ" አለ ሐኪሙ ግራ ገብቶት።

እንቅልፉ እንደገና መጣ። ጉግሳ አምባሩን ሊያወልቅ እጁን ሰደደ። ውዲቱ ገፋችው።

"ከወለቀ ትመለሳለች። ያሉት ደግሞ እዚያው ያልቃሉ።"

"ካልወለቀስ እኛ እናልቃለን።"

ውዲቱ ግራ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። "ትንሿን ጣቴን ስበራት።"

"ምን አሉኝ?"

"ስበር። ጥፊህ ለእኔ እንጂ ለእሱ አልበቃም። ከተኛበት የሚያወጣው ነገር ይላክለት።"

"በእናቴ አምላክ አላደርገውም።"

"ትዕዛዝ ነው!"

"ትዕዛዝ ከሆነ አንድ ሰው ይፈርምበት" አለ ጉግሳ፤ ግን ጣቷን ያዘ። ፊቱን አዞረ። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለች።

ውዲቱ ጮኸች። አንጓዋ ላይ ያለው ልብ አንዴ ቆመ፣ ከዚያ እንደተባረረ ፈረስ ይጋልብ ጀመር። በሬዲዮው የሰው ጩኸት መጣ፤ የዕቃ መሰባበር ተከተለው። የእሷ ዓይን ጠራ።

"ምን አደረግሽኝ?" አለ ዘውገ።

"ቀሰቀስኩህ።"

"አንተ? እኔን አንተ ትይኛለሽ?"

"ተቋጥረን እርስዎ መባባል አይመችም። ጥርስህን ንከስ፣ ልንወርድ ነው።"

"ምን? የት ነው የምንወርደው? ይሄ ነገር... ደረቴ ላይ ያለው ምንድነው?"

"የእኔ ፍርሃት ነው" አለች። "ስትፈርምለት የኖርከው።"

ጥቁር ገደል ከደመናው ሥር ወጣ። መድፉ አያቸው። የመጀመሪያው ጥይት ከበላይ ፈነዳ። ገንቦ ተንገጫገጨች፤ ዘውገ በሬዲዮ እናቱን ጠራ። ውዲቱ በአራት ጣት መሪውን ይዛ ገንቦን ከገደሉ ምላስ ላይ አስቀመጠቻት። ጉግሳ የኋላውን በር ጣለ።

ወታደሮቹ ከምሽጋቸው መጡ። የሚሮጥ ጥቂት ነበር። ብዙዎቹ ቁስለኛ ተሸክመዋል፤ የተሸከሙትም ራሳቸው ተሸካሚ የሚፈልጉ ነበሩ። ሁለተኛው ጥይት ዳገቱን መታው፤ አፈርና ድንጋይ ገንቦ ላይ ዘነበ።

"ተነሺ!" አለ ዘውገ። "አሁኑኑ ተነሺ!"

"ገና ሰው አለ።"

"የገባው ይበቃል! አዝዤሻለሁ!"

"ጣቴ ስለተሰበረች አልሰማም" አለች።

"አወልቀዋለሁ። እምልልሻለሁ፣ አወልቀዋለሁ!"

ውዲቱ ወደ ዳገቱ አየች። ሦስት ቃሬዛ ገና ነው። አሁን ዘውገ ካወለቀ ገንቦ በሯን ዘግታ ትነሳለች፤ ውዲቱ ምንም ማድረግ አትችልም። የሰዎቹ ዕድሜ አልጋ ላይ በተጋደመ አንድ ሰው ጣቶች መካከል ነበር። ልትለምነው አሰበች። ልመና አልወጣትም።

"ፈሪ ነህ" አለችው። "እኔም ፈሪ ነኝ። ልዩነታችን አንተ አልጋ ያለህ መሆኑ ነው። ፍታው እንግዲህ፤ ከፈታኸው።"

ሻምበል አያልነህ ወደ አብራሪዋ ክፍል በደረቱ እየተሳበ ገባ። አንድ እግሩ ተጠቅልሏል። ውዲቱን ሲያይ ቀኝ እጇን ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። መያዣ እንዳጣ ሰው አጥብቆ ያዛት።

"መጣሽ" አለ።

"ብዬ ነበር።"

በሬዲዮው የዘውገ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አንጓዋ ላይ ያለው ልብ ይደበድባል፤ የእሷም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚመቱ የትኛው ፍርሃት የማን እንደሆነ መለየት አቃታት። ቃሬዛዎቹን ቆጠረች። አንዱ ገባ። ሌላው ገባ። የመጨረሻውን የተሸከመ ወታደር ወደቀ፤ ጉግሳ ወርዶ ሁለቱንም እየጎተተ አስገባ።

አምባሩ አልተፈታም።

"ተዘግቷል!" አለ ጉግሳ። ገንቦ ተነሳች።

ሲመለሱ ዘውገ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጠበቃቸው። ሜዳዩን አላደረገም። ሸሚዙ በላብ ከገላው ተጣብቋል። የግራ እጁን ትንሽ ጣት በቀኙ ጨብጧል፤ ጣቱ ግን ደህና ነበር። ቁስለኞቹ ሲወርዱ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ማንም ሰላም አላለውም።

ውዲቱ ከመሰላሉ ወረደች።

"ጣቴን ሰብረሻል" አላት።

"የተሰበረው የእኔ ነው።"

"ለእኔ ልዩነት የለውም።"

"ለምን አልፈታኸውም?"

መሬቱን አየ። 

"እጄ ማሰሪያው ላይ ነበር" አለ። "ብፈታው ፍርሃቱ የሚተወኝ አልመሰለኝም። ያኔ ብቻዬን ሆኜ በፈራሁ ነበር።"

ዞሮ ሄደ። ይቅርታ አልጠየቃትም። እሷም አልጠበቀችም።

ሚኒስቴሩ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ሻለቃ ውዲቱን በአገልግሎት ላይ ያለ የሠራዊቱን አካል ሆን ብላ በማስጎዳቷ ገሠጻት። ጉግሳን ያለ ጽሑፍ ትዕዛዝ ጣት በመስበሩ ከማዕረጉ ዝቅ አደረገው። ስለ ማደንዘዣው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅልፍ ከላኪው ወደ አብራሪው መፍሰሱ የቴክኒክ ጉድለት ነው፤ ይጠገን።

ተጠገነ። አዲሱ አምባር ወደ አብራሪው ምንም አያሳልፍም፤ የልብ ምቱንም ጭምር። በአራተኛው ፎቅ አልጋዎች በረድፍ ተዘረጉ። ባለሥልጣኖቹ አጭር እጅጌ መልበስ ጀመሩ። ሜዳይ በዛ። መፍቀድ ስለቀለለ ጦሩ ሄዶ ወደማያውቀው ገደል ሁሉ ይላክ ጀመር፤ እናቶችም ተመልሰው ሚኒስቴሩ በር ላይ ተቀመጡ። ይህን ጊዜ ግን ዘበኛው "ላኪዎቹ ሁሉ ታስረዋል፣ እመው፤ ሕጉ ተከብሯል" ይላቸዋል።

ውዲቱ አዲሱን አምባር አላጠልቅም አለች። ሊያስሯት ሲመክሩ ከወንዝ ማዶ ሌላ ምሽግ ተከበበ፤ ወደዚያ ምሽግ በመድፍ ሥር ገንቦን የሚያስገባ ሌላ አብራሪ አልተገኘም። ስለዚህ ገንቦ ላይ አስቀመጧት። የድሮውን አምባር ከኪሷ አውጥታ አጠለቀች። የተሰበረችው ጣቷ ጠማማ ሆና ድናለች።

ጥንዱ ማን ጋ እንዳለ አልነገሯትም። ዘውገ ከአራተኛ ፎቅ ወደ አንድ መጋዘን ተዛውሯል ሲባል ሰምታለች።

አንጓዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ምቱ መጣ። ፈጣን ነበር፣ እየተደናበረ።

"ምን ይላል?" አለ ጉግሳ።

"ፈርቷል። አልተኛም።"

"እንውረድ ታዲያ?"

"የለም" አለች ውዲቱ። "አሁን መሄድ ይቻላል።"

ገንቦን አስነሳቻት።