ማሽኑ ላይ የተኛችው ልጅ

«ተኚ አልኩሽ! ብርድ ልብሱን እስከ አገጭሽ ሳቢው!» አባቷ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ቢሞክርም ሹክሹክታው ራሱ ጩኸት ነበር።

ልጅቷ ተኛች። ከሥሯ ስስ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ሥር ሁለት ሳንቃ፣ ከሳንቃዎቹ ሥር ደግሞ የአባቷ የመጋዝ ማሽን አለ። ከሩብ ሰዓት በፊት ሲሠራ ስለነበር ሙቀቱ ፍራሹን አልፎ ጀርባዋ ላይ ይሰማታል። በአሥራ አምስት ዓመቷ ማሽን ላይ ተጋድማ በሽተኛ መምሰል! ለጓደኞቿ ብታወራው በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም።

«ምኔን ነው የሚያመኝ?»

«የፈለግሽውን በይ! ብቻ እንዳትነሺ።»

እናቷ የመጨረሻውን ሰጋቱራ ጠርጋ ወጣች። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከማዘጋጃ ቤት በየግቢው ያሉ ማሽኖችን እንቆጣጠራለን የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ያነበበችው እሷ ናት። አናጢው አባቷ ከእንጨት ጋር እንጂ ከወረቀት ጋር አይስማማም። ደብዳቤውን ይዛ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመሬት አጠቃቀም ካርታ አይታ መጣች። የእነሱ ሰፈር ቢጫ ነው፣ የመኖሪያ ቀጠና ማለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ብርቱካናማ ነው፣ እዚያ መኖሪያም ወርክሾፕም ይፈቀዳል። መስመሩ የሚያልፈው በአስፋልቱ መሃል ለመሃል ነው።

«ስምንት እርምጃ!» ብሎ ነበር አባቷ ስትነግረው። «እዚያ ማዶ ብረት በያጁ ቀኑን ሙሉ ሲያንቋቋ ሕጋዊ፣ እኔ እዚህ ስሠራ ወንጀለኛ? ይሄን ያወጣው ሰውዬ መንገድ ተሻግሮ አያውቅም እንዴ?»

እሷም መጀመሪያ እውነቱን ነው ብላ ነበር። ከደብዳቤው ጋር የመጣውን መመሪያ አንብባ ስትጨርስ ግን ሐሳቧን ቀየረች። በመኖሪያ ቀጠና በእጅ መሣሪያ መሥራት ይቻላል፤ ድምፅና ብናኝ ያለው ማሽን ግን ክልክል ነው። «ብናኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ አስም ያለበት የጎረቤታቸው የነርሷ ሕፃን ትዝ አላት። ነርሷ አንድም ቀን ፊት ለፊት ተናግራቸው አታውቅም፣ መስኮቷን ብቻ ትዘጋለች። አባቷ ግን የከሰሰችኝ እሷ ናት ብሎ ሰላምታ ነስቷታል።

መመሪያው ሌላም ነገር ይላል። ማሽን እንዳለው ራሱ ያስመዘገበ ሰው ወደተፈቀደ ቦታ እስኪዛወር ስድስት ወር ይሰጠዋል። ደብቆ የተገኘ ማሽኑ ይወረስበታል። ይህችን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበበችለት።

«አንቺ ጠበቃ!» አላት፣ ክርክር ስለምትወድ ያወጣላት ስም ነው። «በገዛ እጄ ሄጄ እጄን ልስጣቸው? ማዘናጊያ ነው ባክሽ!»

ይኸው አሁን የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ገባች። ካርታዋን ጠቅልላ ብብቷ ሥር የያዘች ጎልማሳ ሴት ናት።

«የምን ማሽን እመቤቴ?» አለ አባቷ። «በእጅ መጋዝ ነው የምሠራው። ይሄ የልጄ መኝታ ነው። አሟት ነው የተኛችው።»

ተቆጣጣሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሳንቃው ጮኸ። «ምንሽን ነው የኔ ልጅ?»

«ሆዴን» አለች ልጅቷ።

«ራሷን ነው» አለች እናቷ በዚያው ቅጽበት ከበሩ።

ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። እጇን ፍራሹ ላይ አሳረፈች። «ፍራሽሽም ግሏል። ትኩሳት ሳይኖርሽ አይቀርም።»

በቃ፣ ሴትየዋ ነቄ ብላለች! ብትነሳ አባቷን በሰው ፊት ልታዋርደው ነው፤ ብትተኛ ደግሞ ውሸቱን ተሸክማ ልትኖር ነው።

ተቆጣጣሪዋ ቅጽ አወጣች። «እንግዲህ ጋሼ፣ ማሽን የለኝም ካሉ እዚህ ላይ ይፈርሙ። ከፈረሙ በኋላ ከተገኘ ግን እኔም ልረዳዎ አልችልም።»

አባቷ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ነገ ጠዋት ማሽኑን ያስነሳዋል፤ ካላስነሳው ምን ይበላሉ? ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑም የለ፣ ስድስት ወሩም የለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች ልጅቷ። «ያልፈረመ ሰው… አሁን ቢናገር፣ ራሱ እንዳስመዘገበ ይቆጠርለታል?»

አባቷ በዓይኑ ቆነጠጣት።

«ባለቤቱ በራሱ አንደበት ከነገረኝ ይቆጠርለታል» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ሌላ ሰው ካጋለጠው ግን ተደብቆ እንደተገኘ ነው የሚጻፈው።»

ልጅቷ ልትናገርለት አትችልም። አንድ ቃል ካወጣች አጠፋችው ማለት ነው። ግን መተኛት ግድ ነው ያላት ሰው የለም፣ ከአባቷ በቀር። ብርድ ልብሱን ገፈፈች። ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈችና ተነሳች።

«ተመልሰሽ ተኚ» አለ አባቷ በጥርሱ መሃል።

«አልተኛም፣ አባዬ። አላመመኝም።»

ሌላ ነገር አልጨመረችም። አጠገቡ ሄዳ ቆመች። እሱ ቅጹን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ቅጹን አየ።

እስክሪብቶውን ለተቆጣጣሪዋ «ይመዝግቡኝ፣ ማሽን አለኝ» ብሎ መለሰላትና ጎንበስ ብሎ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘ።

«ነይ» አላት ልጁን፣ «በዚያ በኩል ያዢልኝ።»