ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወጥቷል

ሲግቢዮርን የሞተው ቅዳሜ ነው፤ የተገኘው ግን ሰኞ ጠዋት ነው። የዓሣ ፋብሪካው ሠራተኛ የትልቁን ማቀዝቀዣ ክፍል በር ሲከፍት፣ የሃምረቪክ ትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ የወላጆች ሰብሳቢ በሩ ሥር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አገኘው። ፋብሪካው ያዋሰውን ወፍራም ሰማያዊ ልብስ ለብሷል። አጠገቡ መጥረጊያ ወድቋል።

መርማሪ ኦስሂልድ ስትደርስ ከሁሉ በፊት ዓይኗ ውስጥ የገባው በውስጥ በኩል ከበሩ በላይ የበራው ቀይ መብራት ነው። ሰውየው የማንቂያውን ደወል ተጭኖ ነበር። ደወሉ የሚጮኸው ግን በተረኛው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ሰው የለበትም። ስልኩ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ በጃኬቱ ኪስ ተገኘ። ብርዱ ባትሪ ስለሚገድል ሁሉም ስልኩን እዚያ ይተው ነበር።

በዚያው ጠዋት የከተማዋ ጋዜጣ ቅዳሜ ዕለት ፋብሪካው ውስጥ የተነሳውን ፎቶ ይዞ ወጥቷል። ልጆቹ መለከታቸውን ይዘው፣ ሲግቢዮርን ከኋላቸው እየሳቀ፣ ከጎኑ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሃልቫር ቆሞ። ከሥሩ «ትምህርት ቤትና ፋብሪካ እጅ ለእጅ» ይላል። ጋዜጣው በየደጁ ሲወድቅ ማንም ምንም አላወቀም። እናቶች ቆርጠው ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጥፈውት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ባንዱ የደንብ ልብስና ወደ ውድድር የሚሄድበት ጉዞ ያስፈልገው ነበር። ወላጆቹ እንደ ልማዳቸው ኬክና የሽንት ቤት ወረቀት ከቤት ቤት እየዞሩ ሲሸጡ ኖረው፣ በመጨረሻ ጎረቤቱ የበሩን ደወል ሲሰማ መብራት ማጥፋት ጀመረ። ሲግቢዮርን ለሃያ ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፈ። አሥራ ዘጠኙ ዝም አሉት። ሃያኛው፣ ሃልቫር፣ «እኛስ ምን እናገኛለን?» ብሎ መለሰለት። ሲግቢዮርን በዚህ ጥያቄ አልተቀየመም። ሰው የሚያገኘውን ካወቀ ቃሉን ይጠብቃል ብሎ፣ ወላጆቹ በዓመት ሁለት ቅዳሜ መጋዘኑን በነጻ እንደሚያጸዱና የፋብሪካው ስም በትልቁ ከበሮ ላይ እንደሚጻፍ ቃል ገባ። ፋብሪካው ልጆቹን አለበሰ፤ ጉዞውንም ሊችል ተስማማ።

ይህን ሁሉም አልወደደውም። የትምህርት ቤቱ የጥገና ሠራተኛ ኤጊል፣ እሱም የመለከት ነፊዋ የዮርዲስ አባት፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ልጆቹን የዓሣ ሻጭ ማስታወቂያ ሰሌዳ አደረግሃቸው» አለው። ሲግቢዮርን ሳቀና «አንተ ኬክህን ሽጥ፤ የሚጋግርልህ ከተገኘ» ብሎ መለሰለት። የኤጊል ሚስት ጥላው ከሄደች ወር አልሞላትም ነበር። ሰዉ ሳቀ። ኤጊል አልሳቀም።

ቅዳሜ ዕለት፣ በወላጆቹ የጋራ ጽዳት ቀን፣ የፋብሪካውን ቁልፍ ተረክቦ የቆለፈውም ኤጊል ነው። ስለዚህ ከተማው ለመፍረድ እስከ ማክሰኞ አልጠበቀም። ትምህርት ቤቱ ነገሩ እስኪጣራ ልጆች ካሉበት እንዳይደርስ ነገረው። ዮርዲስን የክፍሏ ልጆች «አባትሽ ነው የገደለው?» ብለው ጠይቀዋት፣ ከዚያ ወዲያ ከአልጋዋ አልወርድም አለች። ዐቃቤ ሕጉ ሐሙስ ክስ እከፍታለሁ ብሏል። ኦስሂልድ የነበራት ጊዜ እስከ ረቡዕ ነው።

ኤጊል ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀብሏት ያልጠየቀችውን ሁሉ ተናገረ፤ ስድቡን፣ ሳቁን፣ ያን ሌሊት አለመተኛቱን። ወደ ቁልፉ ስትመጣ ግን ንግግሩ አጠረ።

«የመውጫውን ዝርዝር አይቻለሁ» አለ። «የሁሉም ስም አጠገብ ሰዓትና ምልክት አለ። የሲግቢዮርን ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ዘጠኝ ከአሥር ላይ ቆለፍኩ።»

«ማቀዝቀዣ ክፍሉን ከፍተህ አላየህም?»

«በሩ ተዘግቷል። ሰው ውስጥ ካለ በሩ በእንጨት ይያዛል እንጂ አይዘጋም። ሁሌም እንዲያ ነው።»

«ትጠላው ነበር?»

«አዎ» አለ ኤጊል። «መጥላት መግደል ከሆነ ግን እዚህ ከተማ የሚተርፍ ሰው የለም።»

ሃልቫር ጠበቃውን አስቀምጦ ነበር ያነጋገራት። የበሩ የውስጥ መክፈቻ በረዶ እየያዘው ያስቸግር እንደነበር አመነ፤ መለዋወጫው በየካቲት ታዟል፣ አልደረሰም። ስለ እንጨቱ ስትጠይቀው ግን የምን እንጨት አላት። በራችን ተዘግቶ ነው የሚኖረው አለ።

ኦስሂልድ ተመልሳ በሩ ሥር ተንበረከከች። ወለሉ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ከመቃኑ አንድ ክንድ ርቆ ግን መዳፍ የሚያህል አራት ማዕዘን ቦታ ጥቁር ሲሚንቶ ይታያል። አንድ ነገር ለወራት እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ አሁን የለም።

የባንዱ ጸሐፊ ቱሩን የዝርዝሩ ኃላፊ ነች። በጋራ ሥራ ቀን ዋፍል የሚባለውን ስስ ኬክ የምትጋግረው፣ የቀረውን ደውላ የምትጠራው፣ ማን ቀድሞ ሹልክ እንዳለ የምታውቀው እሷ ነች። ሲግቢዮርን ሲወጣ አላየሁትም አለች። ዓይኗ አብጧል። ኦስሂልድ የድሮዎቹን ዝርዝሮች ስትጠይቃት አቃፊውን አውጥታ ሰጠቻት፤ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

በዚያው ቀን ከመምሸቱ በፊት ኦስሂልድ ሦስቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ የሲግቢዮርን የቀድሞ ሚስት ጉንቮር ጋ ደወለች። ጉንቮር የምትኖረው አርባ ኪሎ ሜትር ርቃ ነው፤ ልጃቸው አንድ ሳምንት እሷ ጋ፣ አንድ ሳምንት አባቷ ጋ ታድራለች።

«ልጅቷን የሚወስደው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ልክ ዘጠኝ ሰዓት። አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፤ ለዚያ ለዚያ ጎበዝ ነበር።»

«ባለፈው መስከረም፣ የጋራ ሥራው ቀንስ?»

«መጥቷል። ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር፤ ልጄ መኪናው ውስጥ አልገባም ብላው ነበር።»

«ባለፈው ቅዳሜ ሳይመጣ ሲቀር ግራ አልገባሽም?»

«ተራው አልነበረም። በፋሲካ ምክንያት ሳምንቱን ተቀያይረናል። ተራው ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ከአምስት ላይ እደውልለት ነበር።»

ረቡዕ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ተሰበሰቡ። ርእሰ መምህርቷ፣ ሃልቫር ከነጠበቃው፣ ቱሩን፣ ጉንቮርና ኤጊል፣ ለልጆች በተሠሩት ዝቅ ያሉ ወንበሮች ላይ። የፋብሪካው ስም ያለበት ከበሮ ጥግ ላይ ነበር፤ አንድ ሰው ጨርቅ ጥሎበታል።

«ሲግቢዮርን ላይ በሩን የዘጋበት ሰው የለም» ብላ ጀመረች ኦስሂልድ። «በሩ ከባድ ነው፤ ካልያዙት በራሱ ይገጥማል። የሚይዘው እንጨት ነበር። ወለሉ ላይ ቦታው አለ። ፎቶው ላይ ግን የለም።» ጋዜጣውን አነሳች። «ፎቶው ስምንት ሰዓት ላይ ሲነሳ በሩ ከልጆቹ ኋላ ወለል ብሎ ይታያል። እንጨቱም፣ 'በሩን አትዝጉ' የሚለው ወረቀትም የሉም። ፎቶ አንሺው እንደነገረኝ ሃልቫር ወረቀቱን ገነጠለው፣ እንጨቱን በእግሩ ገፍቶ ከመደርደሪያው ሥር አስገባው። ፎቶው እስኪነሳ በሩን የያዘው አንድ አባት ነው።»

«የተቆራረጠ እንጨት ደንበኛ ፊት አይታይም» አለ ሃልቫር። «ልመልሰው አስቤ ነበር። ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ።»

ጠበቃው ክንዱን ነካው።

«ፎቶው ካለቀ በኋላ ሲግቢዮርን የቀረችውን ጥግ ሊጠርግ ብቻውን ገባ። በሩ ገጠመ። መክፈቻው በረዶ ይዞታል። ያኔም ቢሆን ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ባዶ ቢሆን ኤጊል ሳይፈልገው አይቆልፍም።» ሦስቱን ወረቀቶች ወንበር ላይ ዘረጋች። «ምልክቱን ያደረገው ገዳይ መስሎኝ ነበር። ግን መስከረም ላይም ሲግቢዮርን ዘጠኝ ሰዓት ወጣ ይላል። በዚያ ሰዓት እሱ ጉንቮር በር ላይ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜም ሌላ ሰው ነው የጻፈለት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አልሞተም። ይሄ ተንኮል አይደለም፣ ልማድ ነው። ሰብሳቢው ከጋራ ሥራ ሾልኮ ሄደ መባል በዚህ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሚሸፍንለት ሰው ነበረው። በሦስቱም ወረቀት ላይ የመውጫ ሰዓቱ ከሱ ጋር አንድ የሆነ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እስከ ደቂቃው ተመሳሳይ፣ በተመሳሳይ የእጅ ጽሕፈት።»

ማንም ወደ ቱሩን አልዞረም። መዞር አላስፈለገም።

«ልጅቷን ሊያመጣ የሄደ መስሎኝ ነው» አለች ቱሩን። «ሳምንቱን ቆጠርኩ እኮ። በጣቴ ቆጠርኩ። ተራው ነበር።»

«በፋሲካ ተቀያይረን ነበር» አለች ጉንቮር ቀስ ብላ።

«አልነገረኝም።»

«ለምን ይነግርሻል።» ጉንቮር ይህን ያለችው ለክፋት አልነበረም።

ቱሩን ሰኞ ጠዋት ወሬውን ስትሰማ ወዲያው እንደገባት፣ ልናገር ልናገር እያለች ሦስት ቀን እንደሄደባት፣ ሁለት ጊዜ እስከ ኤጊል በር ደርሳ እንደተመለሰች ተናገረች። «ሰው እንዳይታዘበው ብዬ ነው» የሚለውን ደጋግማ ተናገረች፤ በመጨረሻ ለማን እንደምትናገር ራሷም የጠፋት መሰለች።

ኦስሂልድ የቀረውን በአጭሩ ጨረሰች። የበሩና የደወሉ ጉዳይ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ይሄዳል፤ ፋብሪካው ሳይቀጣ አይቀርም። ለቱሩን የሚሆን አንቀጽ ፈልጋ አላገኘችም። ኤጊል ላይ ምንም ክስ የለም። ርእሰ መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ ነገ ወደ ሥራህ መመለስ ትችላለህ፣ ለልጆቹም እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ አለችው። ኤጊል አመሰገናት። ኦስሂልድ ትከሻው ሲላላ አይታ፣ ቢያንስ አንዱን ከዚህ ጉድ አወጣሁት አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ነው ኤጊል ቀና ብሎ ያያት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ስቆልፍ በሕይወት ነበር?»

የሐኪሙ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ወፍራሙ ልብስ ረድቶታል፤ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ በሕይወት ቆይቷል ይላል። በትክክል ማወቅ አይቻልም ልትለው ትችል ነበር። አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ የጻፈው ዛሬ ባይሆን ነገ በፍርድ ቤት፣ ወይም በጋዜጣ፣ ወይም በአንዱ ልጅ አፍ ዮርዲስ ጆሮ መድረሱ አይቀርም።

«ነበር» አለችው።

ኤጊል ራሱን ነቀነቀ። ቁልፍ የሚይዝበትን ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረና እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከተው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ካፖርታቸውን ለብሰው ጨርሰዋል፤ ሃልቫር እንኳን ለብሷል። እሱ ግን ከትንሿ ወንበር አልተነሳም፤ ከእሱ ቀድሞ ለመውጣት የደፈረም አልነበረም።