አብዱ ፓራሹት

«…በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ፊቴን በጥፊ አጮለኝ። ወደ ታች ሳይ ያ ሁሉ ጥቁር ባሕር የሻይ ሲኒ አክሎ ታየኝ። አሠልጣኙ ‹ዝለል!› አለኝ በሩሲያኛ። ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። ዘለልኩ!»

ቆንጅት ባዶ ዘምቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። አውሮፕላን! ባለፈው ሳምንት እኮ ሄሊኮፕተር ነበር።

ከኅብረት ሱቁ በር ላይ ለስኳር የተሰለፈው ሰው ሰልፉን ረስቶ አብዱልሃኪምን ከቦታል። አብዱ ረጅም ነው፤ እጁን እንደ ክንፍ ሲዘረጋ ደግሞ ከሱቁ ጣራ ጋር የተካከለ ይመስላል። የሠፈሩ ልጆች ከክረምት ወዲህ «አብዱ ፓራሹት» እያሉ ነው የሚጠሩት።

«ባይከፈትስ ኖሮ?» አለ አንዱ ልጅ።

«በጥርሴ እከፍተዋለሁ አቦ! እኔ እኮ የውቤ በረሃ ልጅ ነኝ!»

ሰልፉ ሳቀ። አብዱ ወደ ቆንጅት ዞረ። «አብራኝ ነበረች፣ ጠይቋት!»

ይህን ነው የማትችለው። ውሸቱን ለብቻው ቢሸከም አንድ ነገር ነው፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ግማሹን እሷ ጀርባ ላይ ይጭናል።

«እውነት ነው የኔ ልጅ?» አሏት ከኋላዋ የቆሙ እናት።

«ስኳሩ ሳያልቅ ወደፊት ብንጠጋ ይሻላል፣ እማማ» አለች ቆንጅት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁለቱም አሥረኛ ክፍል ናቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ ያደጉ። በክረምቱ ከትምህርት ቤታቸው ተመርጠው ሶቪየት ኅብረት፣ ጥቁር ባሕር ዳር ወደሚገኝ የወጣቶች ካምፕ ሄደው ነበር። ካምፑ ውስጥ አንድ የብረት ማማ ነበር። ፓራሹቱ ቀድሞ ተከፍቶ ከማማው ጫፍ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሏል። ቀበቶ ታጥቀህ ከጫፉ ላይ እግርህን ታነሣለህ፤ ገመዱ አሸዋው ላይ ያወርድሃል። አብዱ ልጆቹን ሁሉ ገፍቶ አንደኛ ወጣ። ከላይ ሲደርስ ግን የብረቱን አጥር አቅፎ ቀረ። «ሆዴን!» አለ። ከዚያም ፊቱን ወደ መሰላሉ አዙሮ፣ እያንዳንዷን ደረጃ በእግሩ እየዳበሰ ወረደ። ከእሱ ቀጥላ የነበረችው ቆንጅት ዘለለች።

ያን ቀን ማታ አብዱ እጇን ያዛት። «የመሰላሉን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ። በእናትሽ ማይልኝ!»

አልማለችም። እነቆንጅት ቤት አይማልም፤ አባቷ ጋሽ ካሳዬ «እሺ ካልሽ አበቃ፤ ከእሺ በላይ ማሰሪያ የለም» እያሉ ነው ያሳደጓት። ስለዚህ «እሺ» ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለራሷ ዝላይ እንኳ ለሰው አውርታ አታውቅም፤ ብታወራ «አብዱስ?» መባሉ አይቀርማ።

«ጓድ አብዱልሃኪም!»

ሰልፉ ወደ ድምፁ ዞረ። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ክፍሌ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ማንም አላየም።

«እንዲህ ያለ ሙያ ይዘህ ትደብቀናለህ? አየር ወለድ ፈቃደኛ ወጣቶች ይፈልጋል። ከቀበሌያችን እስካሁን አንድም አልሄደም። እሑድ ስብሰባው ላይ በጭብጨባ እናቀርብሃለን።»

«ጓድ… ዕድሜዬ እኮ ገና…»

«ዕድሜ በቁመት ነው የሚለካው» አለና ጓድ ክፍሌ የአብዱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ስኳሩን ይዘው የአብዱ እናት ወደሚነግዱበት አትክልት ተራ ሲወርዱ አብዱ ዝም አለ። አብዱ ዝም ሲል ቆንጅት የባሰ ትበሳጫለች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ይረሳዋል።»

«ጓድ ክፍሌ? አምና መፈክር ሲባል እጁን ያላነሣውን ሰው ስም ዘንድሮም ያውቃል እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እውነቱን ንገረዋ!»

«መሰላሉን? ለፒያሳ ልጆች? ሞት ይሻለኛል።»

«ሞትንማ ነው ተመዝገብ የተባልከው!» አለች ቆንጅት፣ ዘምቢሉን እያወናጨፈች። «ሰው እንዴት ጉራው እንዳይጋለጥ ፈርቶ ጦርነት ይሄዳል? አንተ ልጅ ጤና የለህም!»

የአብዱ እናት እትዬ መይሙና ከሽንኩርት ክምራቸው ጀርባ ሆነው ሲያዩዋቸው ፊታቸው በራ። ለሁለቱም ብርቱካን አስያዟቸው። የአብዱ ታላቅ ወንድም ሰሜን፣ ግንባር ነው፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እትዬ መይሙና ወዲያ ወዲህ አዩና ወደ ቆንጅት ጎንበስ አሉ።

«ይሄን ዋልጌ ጠብቂልኝ። አንዱን ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የሚሰጥ አንጀት የለኝም።»

ቆንጅት አብዱን አየችው። ብርቱካኑን እያገላበጠ ያጠናል፤ ብርቱካን አይቶ የማያውቅ ይመስል።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። የሚያመልኩበት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ እቤት ነው የሚጸልዩት፤ ድምፃቸው ወደ ውጭ እንዳይሰማ ሬዲዮኑን ይከፍቱታል። ጋሽ ካሳዬ ሬዲዮኑን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«አባባ፣ ለሰው የገባሁት ቃል ሰውየውን ራሱን የሚጎዳው ከሆነስ?»

አባቷ እጃቸውን መለሱ። ቶሎ የሚመልሱ ሰው አይደሉም።

«ምንድን ነበር ያልሽው? አጥርተሽ ንገሪኝ።»

«አንድ ነገር ላልናገር ነው።»

«እንግዲያው ያንን አንድ ነገር አትናገሪ። በዙሪያው ስላለው ነገርም እሺ ብለሻል?»

ቆንጅት አሰበች። «አላልኩም።»

ጋሽ ካሳዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆየት ብለው ግን፣ «ቀበሌ ከሆነ ጉዳዩ፣ ስምሽ ከተነሣ የዚህ ቤት ስም አብሮ እንደሚነሣ አትርሺ» አሉ። አታድርጊ አላሉም። ሬዲዮኑን ከፈቱት።

የቀበሌው አዳራሽ ድሮ ቡና ቤት ነበር። መጠጡ ሄዶ ባንኮኒው ቀርቷል፤ ጓድ ክፍሌ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ነው ስብሰባ የሚመራው። እሑድ ጠዋት መፈክሩ ተባለ። ቀጥሎ እንደተለመደው ሂስና ግለ ሂስ። ሰው ሁሉ ቀለል ያለች ጥፋት ቀድሞ አዘጋጅቶ ይመጣል፤ አንዱ ለጽዳት ዘመቻ በማርፈዱ፣ ሌላው በስብሰባ ላይ በማንቀላፋቱ ራሱን ይወቅስና ይቀመጣል። አብዱ ከፊት ወንበር ላይ ነው። ከኋላ ለተቀመጠችው ቆንጅት አንገቱ ብቻ ይታያታል። ላብ አጥምቆታል።

«ሌላ ከሌለ ወደ ዋናው አጀንዳ…»

ቆንጅት እጇን አነሣች። ማማው ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

«ግለ ሂስ አለኝ፣ ጓድ። ካምፑ ውስጥ ስለነበረው ፓራሹት ሰው ሲሳሳት እያየሁ ዝም ብያለሁ። አውሮፕላን አልነበረም። ያለው የብረት ማማ ነው። ፓራሹቱ ተከፍቶ በገመድ ታስሯል። ሕፃናትም ይወርዱበታል። እንደ…» የአብዱን አንገት አየች። «እንደ ዥዋዥዌ ነው።»

ዥዋዥዌ አልነበረም። በዕድሜዋ ካደረገችው ነገር ሁሉ ትልቁ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ስታወራው ግን አሳንሳ አወራችው።

ጓድ ክፍሌ ፊቱ ጠቆረ። «ጓድ አብዱልሃኪም፣ እውነት ነው?»

አብዱ ተነሣ። «እውነት ነው።»

«ከአውሮፕላን ዘለህ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«አየር ወለድ አይደለም፣ ዥዋዥዌ ወለድ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ በኋላ በጭብጨባ የሚቀርብ ጀግና አልነበረም።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለ ጓድ ክፍሌ ሳቁ ሲበርድ።

«የካሳዬ ወልደጊዮርጊስ።»

«አውቀዋለሁ፣ ቤታችሁን» አለ በዝግታ። ከዚያም ሁለቱ በሚቀጥለው እሑድ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት እንዲጠርጉ ፈረደባቸው።

ያን ሳምንት እነቆንጅት ቤት ሬዲዮኑ ከወትሮው ከፍ ብሎ ሰነበተ።

እሑድ ግራውን እሷ፣ ቀኙን እሱ ያዙ። ቆንጅት ድርሻዋን ጨርሳ ብቻዋን ወደ ቤቷ ልትሄድ ቆርጣለች። አብዱ ሦስቴ ይጠርግና መጥረጊያውን ተደግፎ ይቆማል።

«ቆንጂ… እውነት እንደ ዥዋዥዌ ነው?»

«ላይ ድረስ ወጥተህ አልነበር እንዴ? ለምን አላየህም?»

«ጨፍኜ ነበር።»

መጥረጓን ቀጠለች። ማለቂያ የለውም፣ ይሄ ልጅ። ከላይ በኩል የሠፈሩ ልጆች ኳስ ይዘው ሲመጡ አዩአቸው።

«ዥዋዥዌ ወለድ! ስትወርድ አለቀስክ እንዴ?»

ቆንጅት ቀጥሎ የሚመጣውን በልቧ ገመተች። አሁን ደግሞ ገመዱ ተበጥሶ ነበር ይላል። ማማው ዘምሞ ነበር ይላል።

«አልወረድኩም» አለ አብዱ።

«እ?»

«በፓራሹት አልወረድኩም። በመሰላል ነው የወረድኩት። የዘለለችው እሷ ናት።»

ልጆቹ መሬት ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። ቁልቁለቱን ጨርሰው እስኪጠፉ ድረስ «መሰላል! መሰላል!» ሲሉ ይሰማ ነበር። አብዱ ጆሮው እንደ ቀላ መጥረጊያውን አነሣና መጥረግ ጀመረ፤ ቀና ሳይል።

ቆንጅት ድርሻዋን ጨርሳለች። የእሱን ወገን አየች፤ ገና ግማሹም አልተነካ። በረጅሙ ተነፈሰችና ጎዳናውን ተሻግራ፣ ከእሱ በታች ካለው ጫፍ ወደ ላይ መጥረግ ያዘች። ሲገናኙ ቀና አላለችም።

«መጀመሪያ የምትሰማው» አለች፣ «የሽቦውን ድምፅ ነው። እግርህን ገና ሳታነሣ።»

አብዱ መጥረጊያውን አቆመ።

«እየጠረግክ አዳምጥ!» አለችውና ቀጠለች።