ዘጠነኛው ገጽ

የመጣላት ዕድል እንጂ የመጣባት መዓት አልነበረም። ታዲያ ለምን እንዲህ እንደፈራች ለራሷም አልገባትም።

ባሕር ማዶ ያለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ «እመጣለሁ» ወይም «ይቅርብኝ» ማለት አለባት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም ስትቀዳ ስድስት ዓመት ሞላት። እጇ ከመቅለሉ የተነሳ ባልደረቦቿ «መርፌ» ብለው ይጠሯታል።

«ጨብጥ» ትላለች ለበሽተኛው። «ፍታ። አሁን ትንሽ ያማል።»

«አያምም» ብላ አታውቅም። ለዚህ ነው መሰል ማንም አይቀየማትም።

የትምህርት ቤቱ ብሮሸር ከጋውኗ ኪስ አይወጣም። አራተኛው ገጽ ላይ በደማቁ እንዲህ ተጽፏል፦ «የቦርድ ፈተና ማለፊያችን፦ ከመቶ ዘጠና ስድስት»። የቦርድ ፈተናን ያላለፈ ሰው ሐኪም አይባልም። ከተመረቁ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሠለጥኑበት የሬዚደንሲ ቦታም አያገኝም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ቆንጆ ነው። ያስፈራትም ቁንጅናው ነው። ሰባት ዓመት ሄዳ ባዶ እጇን ብትመለስስ? ባትሄድና ዕድሜ ልኳን «ጨብጥ፣ ፍታ» ስትል ብትቀርስ? ሁለቱም እኩል ያስፈሯታል።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነጭ ኮት የለበሰ ወጣት ይስቃል። ከሥሩ «የነገው የልብ ሐኪም» ይላል። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጥራት ያንን ሳቅ ታየዋለች። እንዲህ የሚስቅ ሰው ያለበት ቦታ እንዴት መጥፎ ይሆናል?

አንድ ሰኞ ጠዋት ያ ሰውዬ በላቦራቶሪው መስኮት አንገቱን አስገብቶ ቆመ።

ኮት አልለበሰም። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል። በእቅፉ የበሽተኛ ካርድ ተቆልሏል።

«ከካርድ ክፍል ነኝ። የአሥራ ሁለት ቁጥር አልጋ ውጤት ጠፍቶብን...»

«አንተ» አለች፣ አፏ ቀድሟት። «ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነህ!»

ብሮሸሩን አውጥታ ስትዘረጋለት የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እሱ መንታ ወንድሜ ነው።»

«መንታ አለህ?»

«የለኝም። ቢኖረኝ ግን ኮቱን ለሱ እተውለት ነበር።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀው ካርዶቹን እያስተካከለ «ጥሩ ነው። መምህራኑ ጎበዞች ናቸው» አላት። እሱስ ካርድ ክፍል ምን ይሠራል? «የሬዚደንሲ ቦታ እየጠበቅኩ ነው» አለ። «እስከዚያ ሥራ እንዳልፈታ ብዬ።»

«እና ልሂድ?»

የተስተካከሉትን ካርዶች እንደገና አስተካከለ።

«ሂጂ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ወደ ካርድ ክፍል ትወጣ ጀመር። እስከ ጣሪያ በደረሱ መደርደሪያዎች መካከል ሁለት በርጩማ ነበር። ዳቦዋን ትቆርሳለች፤ እሱ አንድ ካርድ ይመዛል፤ የበሽተኛውን ስም በአውራ ጣቱ ይሸፍንና የሕመሙን ምልክት ያነብላታል።

«ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን ማየት አለመቻል። ምኑ ነው?»

«ማጅራት ገትር።»

«ቸኮልሽ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሐኪም መጀመሪያ የመጣለትን አይወድም።»

«አንተ ግን መጀመሪያ የመጣልህን ትወዳለህ?»

ጆሮው ቀላ። ሲያስተምር ሌላ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ይበራል፣ ጉብጠቱ ይቃናል። ቀስ በቀስ ካርዱን ማየት ትታ ያንን አውራ ጣት ታይ ጀመር። የማያውቀውን ሰው ስም እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሸፍን ሰው... አንድ ቀን ካርድ ሲያቀብላት ጣታቸው ተነካካ። ሁለቱም ካርዱን አልለቀቁም። ስልኩ ባይጮህ ኖሮ እስከ ማታ ይዘውት በቆሙ ነበር።

የደወሉት ሌላ ከተማ የሚኖሩት እናቱ ናቸው። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ መደርደሪያውን ይነቀንቃል።

«ዶክተሬ! ጎረቤታችን ጉልበቷን አሟት ምን ልውሰድ ትላለች!»

«ሐኪም ቤት ትሂድ፣ እማ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ስልኩን ሲዘጋ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ያን ጊዜ ምነው ብላ አልጠየቀችውም። የራሷ ፍርሃት በቅቷት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ተጨምሯል። ብትሄድ ይህን ሰው ትታ ልትሄድ ነው። «ልሂድ?» ትለዋለች በየቀኑ፣ «ቅሪ» እንዲላት እየተመኘች። እሱም መደርደሪያውን እያየ «ሂጂ» ይላታል።

ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት የላቦራቶሪ ኃላፊዋ የወሩን ሪፖርት ጻፊልኝ ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ኃላፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የምትናገር፣ ቀልዷም ቁጣዋም አንድ ዓይነት የሆነ ሴት ናት።

«ጻፊ። ትክክለኛ ውጤት፣ ከመቶ ዘጠና ስምንት።»

«የረጋውስ ደም? ዛሬ ጠዋት ብቻ አሥራ አንድ ብልቃጥ መልሰናል።»

«የረጋው መቼ ማሽን ውስጥ ገባና! ማሽኑ ባላየው ነገር አይሳሳትም። የውድቅ ደም ደብተር ላይ ጽፈሽ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው።»

«ማን ያየዋል?»

«ማንም። ምን ነክቶሻል ዛሬ?»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጇ ስትጽፈው የኖረችው ነገር ነው። ዘጠና ስምንቱ ካለፉት ውስጥ እንጂ ከመጡት ውስጥ አይደለም። «የብሮሸሩስ ዘጠና ስድስት?» አለችና እስክሪብቶዋን ጥላ ተነሳች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አታውቅም፤ ካርድ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ስትገቡ ስንት ነበራችሁ?»

«ምን?»

«አንደኛ ዓመት። ክፍላችሁ ውስጥ።»

የያዘውን ካርድ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየችው መገረም አልነበረም። ሲጠብቀው የኖረው ነገር መጣበት እንጂ።

«መቶ ሰማንያ።»

«ቦርድ ፈተና ላይ የተቀመጡትስ?»

«ሃምሳ ሁለት። ሃምሳው አለፉ። ሬዚደንሲ ያገኙት ሠላሳ አንድ ናቸው።»

«ሌሎቹስ? መቶ ሃያ ስምንቱ?»

«ትምህርት ቤቱ የራሱ ማጣሪያ አለው። እሱን ያላለፈ ቦርድ ላይ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። የቦርድ ዝግጅት የሚሉት ደግሞ የቪዲዮ ይለፍ ቃል ሰጥተው ክፍልህ ውስጥ ለብቻህ መተው ነው።» ምራቁን ዋጠ። «ማጣሪያውን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻው በሁለት ነጥብ ነው የቀረሁት። ፎቶው ሁለተኛ ዓመት ላይ የተነሳሁት ነው፤ ያኔ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ መርፌ። የምጠብቀው ቦታም የለም።»

«እና ሂጂ አልከኝ?»

«መጀመሪያ ስታዪኝ ያየሽኝ በዚያ ኮት ነው። ከውስጡ እንዳታወጪኝ ፈራሁ።»

«ሰባት ዓመቴን!» አለች። «ሰባት ዓመቴን እኮ ነው!»

በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች።

ማታ ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊው አባቷ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ጠበቋት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ኮት ተዘርግቷል። ለሷ ነው። ሊያስደንቋት በድብቅ የሰፉት።

ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቁጥሩን፣ ማጣሪያውን፣ ሰውዬውንም ሳይቀር። አባቷ ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ የኮቱን ደረት በመዳፋቸው አለሰለሱት።

«እዚህ ጋ የትምህርት ቤቱን ስም ልጠልፍበት ክር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር» አሉ። «እጄ እምቢ አለኝ። ልጄ ስትወስን ብዬ ተውኩት። ይኸው ባዶ ነው። የፈለግሽው ቦታ ልበሺው።»

«ባልለብሰውስ፣ አባዬ?»

«እኔ ልልበሰዋ! ጨርቅ የማሰምርበት ኖራ አይነካኝም።» ሳቋ ከእንባዋ ጋር ወጣ። እሳቸው ግን ወዲያው ኮስተር አሉ። «ያ ልጅ ዋሽቶሻል። ስትጠይቂውስ?»

«ስጠይቀው... ነገረኝ።»

«እሺ» አሉና መብራቱን ወደ ስፌት መኪናው አስጠጉ። ሌላ አልጨመሩም።

ሐሙስ ካርድ ክፍል አልወጣችም። ምሳዋንም አልበላችም። ሃምሳዎቹ አለፉ አይደል፣ ትላለች በልቧ፤ ከሃምሳዎቹ አንዷ ብሆንስ? ወዲያው ደግሞ ከመቶ ሃያ ስምንቱ አንዷ የምትሆንበት ቀን ይታያታል። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ በሽተኛ ደም ሥር ሳተች።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ተንኳኳ። እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙን አልተላጨም። በእጁ ወፍራም የካርድ አቃፊ ይዟል።

«ይቅር በይኝ ልልሽ አልመጣሁም» አለ። «ማለት... እሱንም ልልሽ ነው። ግን ይህን ልሰጥሽ ነው የመጣሁት።»

ከፈተችው። ከአንድ እስከ መቶ ሰማንያ ተቆጥሯል። ስም የለበትም፤ ስማቸውን እንደ ልማዱ ሸፍኖታል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት አንድ መስመር። «ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋረጠች፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።» «አለፈ፤ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነው፤ እንቅልፍ የለኝም ይላል።» «አለፈች፤ ቦታ አላገኘችም፤ ሦስተኛ ዓመቷ ነው።» «ማጣሪያው ላይ ቀረ፤ ስልኩን ዘጋብኝ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ስደውል ነበር» አለ። «ሃያ ሦስቱን አላገኘኋቸውም፤ ጥያቄ ምልክት አለባቸው። ሂጂም አትሂጂም አልልሽም ከእንግዲህ። ይኸው ሁላችንም።»

ጣቷ እየወረደ መቶ አሥራ አራት ላይ ቆመ። ከፊቱ ጥያቄ ምልክትም፣ ጽሑፍም የለም።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ...» አለ። «እሱ እኔ ነኝ። ልጽፈው ሞክሬ ነበር።»

ስልኳ ጮኸ። አራት ሰዓት ሆኗል። ማር የመሰለ ድምፅ ያላት ሴት ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ክፍል እንደሆነች ነገረቻት፤ ቦታዋን ትቀበል እንደሆነ ጠየቀቻት። መርፌ አቃፊውን ወደ ራሷ አስጠጋች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ከገቡት ውስጥ ስንቱ ነው የሚያልፈው?»

«የቦርድ ማለፊያችን ከመቶ ዘጠና ስድስት ነው።»

«የተፈተኑትን አይደለም የጠየቅኩት። የገቡትን።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«ይቅርታዎን... ያንን ቁጥር እኛ አንይዝም።»

«እኔ ይዤዋለሁ» አለች መርፌ። «አመሰግናለሁ። ቦታውን አልፈልገውም።»

ስልኩን ስታስቀምጠው ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር። አልመጣም። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ አሁን ግን በሁለት እግሩ የቆመ፣ መልክ ያለው ፍርሃት ነው። ከመሳቢያዋ ሁለት ቅጽ አወጣች። የዚሁ ከተማ የመንግሥት ሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ነው። የሱ ማለፊያ ከመቶ ሰባ አንድ ነው፤ ከገቡት ሁሉ ተቆጥሮ። ብሮሸርም የለው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ ተጽፎ ነው ያየችው።

«ትናንት ነው የወሰድኳቸው። ሁለት ናቸው» አለች።

ሁለተኛውን ቅጽ እንደሚያቃጥል ነገር አየው። «ያለፈ ትምህርት» የሚል ቦታ አለበት።

«እዚህ ላይ እውነቱን ከጻፍኩ» አለ በቀስታ፣ «እናቴ ሐኪም እንዳልሆንኩ ከሌላ ሰው አፍ ነው የምትሰማው።»

«ካንተ አፍ ትስማዋ።»

«አሁን?»

«ካደረ ይረጋል።» ደም ከሚቀዳበት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እጅጌውን ሰበሰበችና ክንዱን እንደ በሽተኛ በሁለት እጇ ያዘችው። ስልኩን በሌላው እጁ ይዞ ደወለ። «ጨብጥ» አለችው በሹክሹክታ። «አሁን ትንሽ ያማል።»

«ዶክተሬ!» አለ ስልኩ።

ነገራቸው። አጭር ነበር፤ አራት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። በመጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ። መርፌ የልቡን ምት ከክንዱ ላይ እየቆጠረች ነበር፤ መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ። የማን ልብ እንደሆነ ግራ ገባት፤ የሷም እንደዚያው ይመታ ነበር።

«እና አሁን» አሉ እናቱ በመጨረሻ፣ ከዚያ በፊት ሰምታባቸው በማታውቀው ትንሽ ድምፅ፣ «ምን ብዬ ልጥራህ?»

«እንደ ድሮው፣ እማ።»

ከስልኩ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ምሳህን በልተሃል፣ ልጄ?»

ጡጫው እንደተጨበጠ ጉልበቱ ላይ ነበር። መርፌ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ በመካከላቸውም የራሷን ጣቶች አስገባች።

«ገና አራት ሰዓት ነው፣ እማ» አለች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «ሲደርስ አብረን እንበላለን።»