የጠረጴዛው ፒያኖ

ድም፣ ድም ድም፣ ድም። ከዚያ ዝም።

ከግድግዳው ማዶ ነው። ቢተው አልጋው ላይ እንደተጋደመ ጆሮውን አቆመ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ ላሊበላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ታዲያ ይሄ ደፋር ማነው? ምቱ እንደገና ጀመረ፤ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደና ቅድም የቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ሻርፕ አጠበቀና ወጣ። እናቱ ወይዘሮ አስቻለች ለእንግዳ የምታከራየው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣችው የትናየት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጣ እንጨቱን በአሥር ጣቶቿ ትደበድባለች። ስትመጣ «ጣቴን በር ያዘኝ» ስላለች ቦርሳዋን የተሸከመችላት እናቱ ነበረች። ፋሻው አሁንም ጣቷ ላይ አለ። ጣቱ ግን ከሌሎቹ እኩል ይሮጣል።

«እታለም፣ በጾም ከበሮ?» አለ ሳያስበው።

ደንግጣ ዞረች። «ከበሮ? ፒያኖ እኮ ነው!»

«የቱ?»

ሁለቱም ባዶውን ጠረጴዛ አዩና ሳቁ። ቢተው ከሳቀ ሰነባብቶ ነበር።

«ቆይ፣ አንተ ጉሮሮህ ተዘግቶ መናገር አትችልም አልተባለም?»

«ያንቺስ ጣት?»

ሳቁ ቆመ። እሷ ፋሻውን፣ እሱ ሻርፑን ነካ ነካ አደረጉ።

ቢተው ነው ቀድሞ የተናገረው። የዜማ መምህሩ መሪጌታ ገብረመስቀል ለሆሳዕና በካህናቱ ፊት ለብቻው ቆሞ እንዲያዜም መርጠውታል። ባለፈው ሲሞክር ግን ድምፁ መሐል ላይ እንደ ፍየል ተሰነጠቀ። የዜማ ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ «ፍየሉ» ሆኖ ቀረ። «ጉሮሮዬ ተዘጋ» ብሎ ሻርፑን የጠመጠመውም ያን ቀን ነው። እሑድ ካልቆመ ቦታው ለጓደኛው ለደሳለ ይሰጣል። ዜማ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ነገር ነው።

«የእኔ ዓለም አቀፍ ውድድር ነው» አለች የትናየት። «የመጨረሻው ዙር ከትልቅ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ነው። ሰማንያ ሰው ከኋላ፣ እኔ ከፊት።»

ቢተው ፒያኖ የሚያውቀው ትምህርት ቤት የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ከሚሰማው ሙዚቃ ብቻ ነበር። «ሰማንያ ሰው እያለልሽ ምን ያስፈራሻል?»

«አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ዝም ይላሉ። እዚያ ጋ ብቻዬን እቀራለሁ። መምህሬ ፊት ስጫወት ሁልጊዜ እዚያ ላይ ጣቴ ይደርቃል። ሲሰለቸኝ ጣቴ ተጎዳ አልኩና መጣሁ።»

ቢተው ሄዶ መቋሚያውን ይዞ ተመለሰ። «እኔ ሰማንያውን ልሁንልሽ።»

«አንድ ፍየል?»

«ፍየል ብትስቂበትም ምት አይስትም።»

የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያርፍ አሳየችው። በመቋሚያው ጫፍ ወለሉን እየመታ ተከተላት። ያቺ ቦታ ስትደርስ መቋሚያውን አንሥቶ ዝም አለ። የትናየትም ቆመች። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ቆመች። እጆቿን ጉልበቶቿ መሐል ቀብራ ቀረች።

«ቢተው!» አለች እናቱ ከግቢ። «ዝንጅብል አፍልቼልሃለሁ፣ ና ሳይበርድ! ወይኔ ልጄን፣ መድኃኔዓለም ይማርህ!»

ቢተው አፉን ይዞ በኃይል ሳለ። የትናየት አየችው። አልሳቀችም።

«እሑድ ትቆማለህ?»

«አንቺስ ትሄጃለሽ?»



በማግስቱ የቀሰቀሰው ዝምታው ነው። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ምንም የለም። ሲወጣ በሩ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ሚኒባስ ቆሟል። እናቱ የክፍሉን ቁልፍ ይዛለች። የትናየት ሁለት እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ወደ መኪናው ትሄዳለች።

«የትናየት!» ጮኸ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰነጠቀ፤ አላቆመም። «እዚያች ቦታ ላይ ስትደርሺ እኔ ዝም አልልም! እዚህ ሆኜ እመታልሻለሁ!»

እናቱ ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ ሻርፑን አየች። ማሳል ይችል ነበር። እንኳን አንዴ፣ አሥር ጊዜ ማሳል ቀላል ነው። ቢተው አልሳለም። ሻርፑን ከአንገቱ ፈታ፣ ፈታ፣ ሙሉ በሙሉ ፈታው። የጠዋቱ ብርድ ጉሮሮውን ነካው።

የትናየት ቆማ አየችው። እጇን ከኪሷ ታወጣ እንደሆነ፣ ፋሻው አለ ወይስ የለም፣ ጠበቀ። አላወጣችም። መኪናው ውስጥ ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ ሚኒባሱም ቁልቁል ወረደ።