በጎመን የተጻፈ ስም

ትርሲት ከአያቷ ከአባባ ጋር ትኖር ነበር። በዚያው ግቢ፣ ከፊት ለፊታቸው ባለው ቤት ደግሞ ጓደኛዋ ሮቤል ይኖር ነበር።

አባባ ጠዋት ጠዋት ከኮክ ዛፉ ሥር ቁጭ ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዝም… ዝም… ዝም…።

ትርሲትና ሮቤልም አጠገባቸው ቁጭ ይላሉ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚስቀው ሮቤል ነው።

ከዚያ ሦስቱም የጎመኑን መደብ ይቆፍራሉ። ጭቅ! ጭቅ! ጭቅ!

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መሬት ላይ በእንጨት ፊደል ይጽፋሉ። ትርሲት ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ግን የሮቤል አባት ለሥራ ወደ ጋምቤላ ተዛወሩ። ነገ ጠዋት መኪና መጥቶ እነሮቤልን ከነዕቃቸው ይወስዳል ተባለ።

ትርሲት አኮረፈች። ምሳም አልበላም አለች።

ከዚያ እንጨቷን አንሥታ መደቡ ላይ በትልልቁ ጻፈች። ሮ፣ ቤ፣ ል።

በፊደሎቹ ውስጥ የጎመን ዘር በተነች። አፈርም አለበሰችው።

«ነገ ሳትሄድ ስምህ አረንጓዴ ሆኖ ይበቅላል» አለችው ሮቤልን።

አባባ ጎመን በአንድ ቀን እንደማይበቅል ነገሯት። ትርሲት ግን መስማት አልፈለገችም።

በጣሳ ውሃ አመጣች። ቿ! ጎመኑ ግን አልበቀለም።

ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ዝም… ዝም… ዝም…። አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየች። ጎመኑ ግን አልበቀለም።

ሌላ ውሃ አመጣች፤ አሁንም ሌላ። ቿ! ቿ! ቿ!

ሮ ፈረሰች። ቤ ፈረሰች። ል ጭቃ ሆነች።

ትርሲት ጭቃው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሮቤልም መጥቶ አብሯት ቁጭ አለ። የዚያን ቀን አልሳቀም።

በማግሥቱ መኪናው መጣ። ጲጵ! ጲጵ!

ሮቤል በመስኮቱ እጁን አወዛወዘላት። ትርሲት ግን እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

በመኪናው ተናዳ ነበር። በጋምቤላም፣ በጎመኑም ተናዳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወደ መደቡ ዝር አላለችም። አባባ ብቻቸውን ቆፈሩ። ጭቅ… ጭቅ…

አንድ ቀን ጠዋት አባባ ጠሯት። ጎመኑ በቅሏል።

እዚህም እዚያም፣ እንደ ልቡ በቅሏል። ሮ የለችም፣ ቤ የለችም፣ ል የለችም።

«አሁን ምን ያደርጋል? ሮቤል የለም» አለች ትርሲት እያለቀሰች።

አባባ አታልቅሺ አላሏትም። «እውነትሽን ነው፣ የለም» አሉ። «እኔንም ሳቁ ናፍቆኛል።»

ሁለቱም ከኮክ ዛፉ ሥር ቁጭ አሉ። ዝም… ዝም… ዝም…

ማንም ቀድሞ አልሳቀም።

ከዚያ አባባ ችግኞቹ ስለተጨናነቁ ተነቅለው መተከል እንዳለባቸው አሳዩዋት። ትርሲት አንድ በአንድ ነቅላ፣ አንድ በአንድ ተከለች።

ሮ፣ ቤ፣ ል። አሁን ውሃው ትንሽ ነበር፣ ቿ፣ በቃ።

ማታ አልጋዋ ውስጥ ገብታ ጠየቀች። «አባባ፣ ሮቤል ስሙን ያየዋል?»

«አያየውም የኔ ልጅ። ሩቅ ነው» አሉ አባባ።

ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ዝም… ዝም… ዝም…

ከዚያ በሮቤል ፋንታ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ትንሽ አለቀሰች።

አባባ ብርድ ልብሱን አለበሷት። እንቅልፍ እስኪወስዳትም ድረስ አጠገቧ ቁጭ አሉ።