የሰባት ኪሎው ሻንጣ

የመርከብ ሽርሽር አዘጋጁ ለገሠ፣ የሻርክ ምስል በታተመበት የባሕር ዳርቻ ፎጣ ተሸፍኖ ከካሪቢያን ካርታው ሥር ተጋድሟል። ከቢሮው ውጭ ደግሞ ሰማይ ከኖኅ ዘመን ወዲህ ሲያጠራቅም የከረመውን በረዶ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ዴንቨር ሃቫና ስትሪት ላይ አራግፎታል። የፊት በሩ አንድ ስንዝር ተከፍቶ እንቢ አለ። የኋላውን ከጣሪያ የተናደ በረዶ ደፍኖታል። 911 የደወለችው ፀዳል ያገኘችው መልስ፣ «አምቡላንሱም ፖሊሱም መንገድ ላይ ናቸው፤ ማንም ሰው ከዚያ እንዳይወጣ» የሚል ነበር። በየት በኩል ሊወጣ ይችላል ብለው እንደሰጉ እነሱ ያውቃሉ።

ፀዳል ክንዷ እስኪዝል የለገሠን ደረት ስትጫን ቆይታ ነበር። አረጋውያን በመንከባከብ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ሞትን ታውቀዋለች። እንዲህ ያለውን ግን አታውቅም። ሰውየው ሱፉን ጠጣ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ አንገቱን ያዘ፣ ወደቀ። የአለርጂ መርፌው ከደረት ቦርሳው ውስጥ ጠፋ። ሱፉን ለጾሙ ብላ የሠራችው ደግሞ እሷው ናት፤ የኮሎራዶ ጾመኛ በሙሉ ተሰልፎ ቢጠጣው የማያልቅ ሱፍ።

«እንግዲህ ሱፉን ማን እንደሠራው ሁላችንም እናውቃለን» አለ ፍሬዘር፣ መንገደኞችን አየር ማረፊያ የሚያመላልሰው የቫን ሹፌር። «ጠዋት ሲሰድብሽም ነበር አሉ።»

ፀዳል ፊቷ ነደደ። ፖሊስ በዚያ በር ሲገባ በካቴና የምትወጣው እሷ ናት። ሥራዋም፣ የሥራ ፈቃዷም፣ ሁለት ዓመት ያለመችው የክሩዝ መርከብ ሽርሽርም ከእሷ ጋር ይወጣሉ።

«ማን ነው አሉ ያለህ?» አሉ ከጥግ ወይዘሮ ጌጥነሽ።

ወይዘሮ ጌጥነሽ አዲስ አበባ ሳሉ አሥራ አራት ዓመት ወንጀል መርምረዋል፤ ዴንቨር መጥተው ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት አየር ማረፊያ ሻንጣ ፈትሸዋል። የሰው ሻንጣ አይተው የደም ግፊቱን፣ የትዳሩን ሁኔታና አማቱን መውደድ አለመውደዱን ይናገራሉ ይባላል። የደም ግፊቱ ነገር ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም።

«ጋሽ ወልደገብርኤል ነገሩኝ» አለ ፍሬዘር።

«ነግሬዋለሁ፤ ምን አለበት?» አሉ ወልደገብርኤል፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። «እኔንስ ሰድቦኝ የለ? ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ወደብ ላይ መርከቧ ጥላኝ የሄደችውን ሊያወራ ሲል ዓይኑ ያበራል! ስልኬ ሰዓቱን በራሱ ቀየረ፤ መርከቧ አልቀየረችም። ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ» አሉ ጌጥነሽ።

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ።»

ፀዳል ጠዋቱን አስታወሰች። አራት ሻንጣ ይዛ ነበር የመጣችው፤ አንደኛው ብቻ የሎውሪን ሰፈር ሙሉ ለክረምት ያለብሳል። ለገሠ ሰባት ኪሎ የምትመዝን ሻንጣውን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ዞረባት። «ፀዱ፣ በአንድ እጅሽ ይዘሽው ሃያ ደረጃ ካልወጣሽ፣ ሻንጣውን አልያዝሽውም፤ እሱ ነው የያዘሽ።» ሁሉም ሳቁ። ከዚያ የሻንጣ አያያዝ ትምህርቱን ጀመረ። መርፌውን ከደረት ቦርሳው አውጥቶ እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገ። «መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ አይገባም! ሻንጣችሁን ወደቡ ላይ ይቀበሏችኋል፤ ክፍላችሁ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። መድኃኒትና የዋና ልብስ ከእናንተ አይለይም።» ቀጥሎ ቲሸርት ሰጥቶ ሁሉንም ልብስ መጠቅለል አለማመዳቸው። «አይታጠፍም፤ ይጠቀለላል!» ወደብ ላይ የመርከቧን ሰዓት እንጂ የስልክን አትመኑ አለ፣ ወልደገብርኤልን እያየ። «ሻንጣ ለምን እንደምመዝን ደግሞ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ» አለ። ያ መጨረሻ አልደረሰም።

ጌጥነሽ ከቦርሳቸው ሰማያዊ ጓንት አወጡ። ጡረታ ቢወጡም ያለ ጓንት ከቤት አይወጡም።

«ፀዳል፣ ከሱፉ ውስጥ ለውዝ ገብቷል?»

«እትዬ፣ እንዴት ብዬ! ለገሠ ለውዝ የያዘ ሰው ቫኑ ውስጥ እንኳን እንደማያስገባ እያወቅኩ?»

ጌጥነሽ የሱፉን ጆግ አሸተቱ፤ ከዚያም ፀዳል «ኧረ ተዉ!» እያለች አንዴ ተጎነጩ። «ነጭ ሽንኩርት አብዝተሽበታል» አሉ። የለገሠን ተጣጣፊ የመንገድ ኩባያ አንስተው ሲያሸቱ ግን ፊታቸው ተቀየረ። ከታች ዱቄት ተጣብቋል። «ይኸ ለውዝ ነው። ጆጉ ውስጥ የለም፤ እዚህ አለ። ሱፉ ከመቀዳቱ በፊት ኩባያው ውስጥ ነበር።»

«የቀዳችውስ እሷ አይደለችም እንዴ?» አለ ፍሬዘር።

«እሷ ናት። ኩባያው ግን ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር። አንተ በየት በኩል ነው የገባኸው?»

«በኋላ በር። ከቤቴ ከሴንቴኒያል ከተማ እስክደርስ መንገዱ ገደለኝ። ስገባ ለገሠ ጃኬት ሲለብስ ነበር።»

ልክ ነው፤ ፀዳልም አስታውሳለች። ለገሠ ከባድ ጃኬት ይለበሳል እንጂ አይከተትም ብሎ ሲለብስ፣ የደረት ቦርሳውን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቅሎት ነበር። በዚያው ቅጽበት የጣሪያው በረዶ ተናደ። ሮኪ ተራሮች በሙሉ ወጥ ቤቱ ላይ የወደቁ ነበር የሚመስለው፤ ለገሠ ጭምር ሊያዩ ሮጡ።

«እኔ ስሮጥ ወደ ኋላ አላየሁም» አሉ ጌጥነሽ። «ሁላችሁም ሮጣችኋል?»

«እኔ ሮጫለሁ» አሉ ወልደገብርኤል። «በዚህ ዕድሜዬ አንደኛ ወጣሁ!»

ፍሬዘር የቫኑን ቁልፍ በጣቱ ያዞር ጀመር።

ጌጥነሽ የለገሠን ሻንጣ ከፈቱ። ጥቅልሎቹ እንደ ሲጋራ ተደርድረዋል። ጎን ኪሱ ውስጥ የእጅ ሚዛንና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አለ፤ ደብተሯን አገላበጡና ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ከሥር አንዲት የታጠፈች ቲሸርት አወጡ። ከቲሸርቷ ውስጥ መርፌው ወጣ።

«ይኸው!» አለ ፍሬዘር። «ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ረስቶታል። ነፍሱን ይማር እንጂ ራሱ ነው ያጠፋው።»

መርፌው ሦስት እርምጃ ብቻ ርቆ ነበር።

«ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ባለፈው የጠፋብዎት ሰዓት የት ነበር የጠፋው?» አሉ ጌጥነሽ በድንገት።

«ከወደብ የገዛሁት? አየር ማረፊያ ስንወርድ ከነከባድ ሳጥኑ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ቤት ስገባ የለም። የመርከቡን አጽጂዎች ስረግም ከረምኩ እኮ!»

ጌጥነሽ ሦስቱንም በለገሠ ወንበሮች ላይ፣ ካርታው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ከውጭ የአካፋ ድምፅ ይሰማ ጀምሯል። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቲሸርት ሰጡ። «ሻንጣ ውስጥ እንደምትከቱት አድርጉልኝ።»

ፀዳል ጠቀለለች። ወልደገብርኤል እያጉረመረሙ ጠቀለሉ። ፍሬዘር አራት ቦታ አጠፈና ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አሁን ደግሞ ንገሩኝ። መንገደኛ መድኃኒቱን የት ያድርግ?»

«ከራሱ ጋር!» አሉ ፀዳልና ወልደገብርኤል እኩል።

ፍሬዘርም ከእነሱ ጋር አብሮ መለሰ፦ «ያው… ሻንጣ ውስጥ ነዋ። ከሥር፣ እንዳይጠፋ።»

ፍሬዘር የሁለቱን ፊት አየና ቲሸርቱን ለቀቀው።

«ለገሠ ዛሬ ጠዋት የጮኸው ይህን ነበር» አሉ ጌጥነሽ። «አንተ አልነበርክም። ለዓመታት ስታመላልሳቸው ቫን ውስጥ ሆነህ ትጠብቃለህ እንጂ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠህ አታውቅም። መርፌውን የደበቀው ሰው፣ ለገሠ ራሱ ሻንጣው ውስጥ ረሳው እንድንል ፈልጓል። ትምህርቱን የሰማ ሰው ግን እዚያ አይደብቀውም፤ ማንም እንደማያምነው ያውቃላ! በኋላ በር ስትገባ ወጥ ቤት ያለው ኩባያ ውስጥ ለውዙን ጨመርክ። በረዶው ሲናድ እኛ ስንሮጥ አንተ ከቦርሳው ጋር ብቻህን ቀረህ። አንዱን ጥቅልል ፈታህ፣ መርፌውን ከተትክ፣ መልሰህ ግን አጠፍክ። ከሃያ ጥቅልል መካከል አንዲት እጥፍ! እኔን ደግሞ አየር ማረፊያው በዚህ ዓይኔ ነበር የሚቀልበኝ።»

«ለምን ብዬ?» አለ ፍሬዘር፤ ድምፁ ቀጥኗል።

ጌጥነሽ ደብተሯን ገለጡ። «“የወልደገብርኤል ሻንጣ፦ አየር ማረፊያ ሰባት ነጥብ አራት ኪሎ። ቤቱ በር ላይ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ። ቫን።” እንዲህ የተጻፈ አምስት ሰው አለ። ሰው አራት ሻንጣ ሲጭን ግማሽ ኪሎ ቢጎድል ማን ያውቃል? ከሰባት ኪሎ ላይ ግን ግማሽ ኪሎ ይጮሃል። ቀላል መያዝ ሲለምዱ፣ ከቫኑ ስትሰርቅ የኖርከው ታየ። ዛሬ መጨረሻ ላይ ሊነግራቸው ነበር።»

«ሰዓቴን!» አሉ ወልደገብርኤል እየተነሡ።

ፍሬዘር ፎጣውን እያየ፣ «እንዲሞት አልነበረም» አለ። «ዛሬ ለሁሉም እንደሚናገር አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እንዳይናገር፣ ትንሽ እንዲያመው ብዬ…»

«ታዲያ መርፌውን ለምን ደበቅከው?» አሉ ጌጥነሽ።

ፍሬዘር ወደ በሩ ዞረ።

አካፋው በሩን አንኳኳ። ሁለት ፖሊሶች እስከ ወገባቸው ነጭ ሆነው ገቡ። ጌጥነሽ ኩባያውን፣ ቲሸርቷን፣ መርፌውንና ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ረጅሙን ነገር ባጭሩ አስረዷቸው። በካቴና የወጣው ፍሬዘር ነበር።

ፀዳል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። አንዱ ፖሊስ ተመልሶ፣ ቃሏን ለመስጠት አብራቸው እንድትመጣ፣ ከዚያም ቤቷ እንደሚያደርሷት ነገራት። ተነሣች። በልማድ አራቱን ሻንጣዎች ልትጎትት እጇን ዘረጋች። በበረዶው ውስጥ የተቆፈረው መንገድ አንድ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያሳልፍ ነበር።

«እነዚህስ?» አላት ፖሊሱ።

ፀዳል ዞር ብላ ፎጣውን አየች። የደም ግፊት ክኒኗ ኮቷ ኪስ ውስጥ መኖሩን በእጇ ዳበሰች፤ ጠዋት መርፌውን ባሳያቸው ጊዜ ነበር ከሻንጣ አውጥታ እዚያ ያደረገችው።

«ይቆዩ» አለች፤ ባዶ እጇን በጠባቡ መንገድ ወጣች።